መከራው ሳያልፍ ምስክርነት መስጠት ይቻላል ወይ?

የማለዳ ጤዛ ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሌሎችን ውይይት አነብባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም፤ ዛሬ ግን የሚያስጨንቀኝን ላካፍላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ በጠና ከታመመ ሰንብቷል። የማስታምመው እኔ ብቻ ነኝ። ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ማታ ሆስፒታል አድራለሁ። ተጸልዮለታል፣ ተጾሞለታል፤ እስካሁን የተለወጠ ነገር የለም። ሐኪሞቹም ተስፋ የሚሰጥ ቃል አልነገሩንም።

ለመጻፍ ያነሣሡኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። በጉባኤያችን የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እጄን አነሣሁ። ልናገር የፈለግኩት ረጅም አልነበረም፦ ወንድሜ አልዳነም፣ እኔም ደክሞኛል፤ እግዚአብሔርን ግን አልተውኩትም፣ እርሱም አልተወኝም። መርሐ ግብሩን የሚመራው ወንድም ጉዳዬን አስቀድሞ ጠየቀኝና በትሕትና፣ «እህቴ፣ ነገሩ ሲያልፍ ትመሰክሪያለሽ፤ አሁን እንጸልይልሽ» አለኝ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጸለዩልኝም። ነገር ግን ከመድረኩ የሚሰማው ሁሉ «ታምሜ ነበር ተፈወስኩ፣ ጎድሎኝ ነበር ሞላልኝ» ብቻ ከሆነ፣ እኔና ወንድሜ ከየትኛው ወገን ልንቆጠር ነው?

ሌላው ደግሞ አብራኝ የምትሠራ ሴት ጉዳይ ነው። እምነት የላትም። የወንድሜን ሁኔታ ስትሰማ፣ «ይህ ሁሉ ሲሆን አምላክሽ የት ነው?» አለችኝ። ልታሾፍብኝ አልነበረም፤ አዝናልኝ ነው። መልስ አጣሁና ዝም አልኩ።

መጨረሻው ገና ሳይታወቅ ስለ ክርስቶስ መመስከር ይቻላል? ከተቻለስ ምን ይባላል?

መምህረ ሰንበት ጻፉ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ወንድምሽን ይማርልሽ፤ ለአንቺም ብርታቱን ይስጥሽ።

ይቻላል። ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር ፊት ቆመው የተናገሩትን አስቢ። አምላካችን ከሚነድደው እሳት ሊያድነን ይችላል አሉ። ወዲያውም፣ ባያድነን እንኳ ላቆምኸው ምስል አንሰግድም አሉ። ይህን ሲሉ እሳቱ ከፊታቸው ይነድዳል፤ መልአኩ ገና አልወረደም፤ እንደሚወርድም የነገራቸው የለም። ከእሳቱ መውጣታቸው የእግዚአብሔር ሥራ ነበር። «ባያድነን እንኳ» የሚለው ቃል ግን የእነርሱ ነው፤ ትውልድ የሚያስታውሳቸውም በዚህ ነው።

ጳውሎስና ሲላስንም ተመልከቺ። ፊልጵስዩስ ላይ ልብሳቸው ተገፍፎ ተገርፈዋል፤ በውስጠኛው ወኅኒ ተጥለው እግራቸው በግንድ ተጠርቋል። በመንፈቀ ሌሊት እየጸለዩ ሲያመሰግኑ እስረኞቹ ያደምጧቸው ነበር ይላል፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥25። የምድር መናወጡ የተጻፈው ከዚያ ቀጥሎ ነው። እስረኞቹ ዝማሬውን የሰሙት በሩ ተዘግቶ፣ ጀርባቸው ገና እየደማ ሳለ ነው። ወኅኒው ውስጥ «በሩ ሲከፈት ትዘምራላችሁ» ያላቸው ሰው አልነበረም።

ጽኑ ዓለት ጻፈ፦

እህቴ፣ ወንድምሽን ጌታ ይጎብኘው። የምጽፈውን በቅንነት ተረጂልኝ። እኔም በጉባኤያችን የምስክርነት ጊዜ ከሚመሩት አንዱ ስለሆንኩ መድረኩን የያዘ ሰው የሚሸከመውን አውቃለሁ።

ከፊታችን የሚቀመጠው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። ትናንት ያመነ አለ። ኑሮ አንገሽግሾት የመጨረሻ ዕድል ልስጠው ብሎ የገባ አለ። ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ምሬቱን ሲያፈስስ ያ ደካማ ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል? በመዝሙር 73 አሳፍ የክፉዎችን ሰላም አይቶ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገር ግን እንዲህ ብዬ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ የልጆችህን ትውልድ በበደልኩ ነበር ይላል። ወደ መቅደስ እስኪገባ ድረስ አፉን ያዘ፤ መዝሙሩን የጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

መከራ አይነገር አላልኩም። ለእረኛ ይነገር፣ ለጸሎት ባልንጀራ ይነገር። በጉባኤ ፊት የሚነገረው ግን ሰሚውን የሚያንጽ ይሁን። የአንቺ ቃል ያንጽ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ግን እንዳንቺ አይቆምም፤ አንዱ እንዳንቺ ጀምሮ «ለምን ተወኝ?» ብሎ ይጨርሳል። ያን ጊዜ መድረኩን የሚመራው ወንድም ምን ያድርግ?

ዝምተኛዋ ጻፈች፦

«ለምን ተውኸኝ?» ብሎ የጮኸው ጌታችን ራሱ ነው። በጓዳ አልጮኸም፤ በአደባባይ፣ በመስቀል ላይ፣ የሚሳለቁበት ሁሉ እየሰሙት ነው። ማርቆስ 15ን አንብብ። ጩኸቱ ቁጥር 34 ላይ ነው። ቁጥር 39 ላይ ደግሞ የመቶ አለቃው እንዴት እንደ ሞተ አይቶ «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» አለ። በዚያ ጩኸትና በዚያ ምስክርነት መካከል የመጣ ፈውስ የለም።

በመዝሙር 88 ደግሞ (በሰብዓ ሊቃናት ቁጥር 87 ነው) የሚጸልየው ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጨለማ ውስጥ ነው። «ግን አመሰግንሃለሁ» የሚል መደምደሚያ የለውም፤ የመጨረሻ ቃሉም ጨለማ ነው። ያም ሆኖ ለጉባኤ ዝማሬ ተሰጥቶ በመጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሰው ይህን መዝሙር በራሱ ቃል ቢያቀርበው ከመድረክ እናወርደዋለን ማለት ነው?

የሌሊት ተረኛ ጻፈች፦

እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ሕመማቸው የጠና ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ሕመሙ የሚበረታባቸው ሌሊት ሌሊት ነው። ይጮኹ ነበር። «አምላኬ፣ በቃኝ፣ ውሰደኝ» እያሉ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ ይጮኹ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ሕመሙ ሲታገሥላቸው መጋረጃውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ከጎናቸው ያለውን አልጋ ያያሉ። እዚያ የተኛችው ወጣት ጠያቂ የላትም። «ልጄ፣ እንቅልፍ ነሣሁሽ አይደል? ይቅር በይኝ» ይሏታል። ጠያቂዎቻቸው ሲመጡ ወንበሩን ወደ እርሷ አልጋ ያስጠጉና «በመጀመሪያ እርሷን ጠይቋት» ይላሉ። ሳሙናም ሆነ ፎጣ ሲመጣላቸው ከሁለት ይከፍሉታል።

እናቲቱ አልዳኑም። ወጣቷ ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል ግን «እኒያ እናት ሲነጋ የሚያነቡት መጽሐፍ የቱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊት ጩኸታቸውን የሰማችው እርሷ ናት፤ ጠዋት ደግነታቸውን ያየችውም እርሷ ናት። ጩኸቱን ባትሰማ ኖሮ ደግነቱን ሕመም የማያውቅ ሰው ደግነት አድርጋ ታየው ነበር።

ጽኑ ዓለት ወንድሜ፣ ስለ ጉባኤህ ያልከው ይገባኛል። እኔ በምሠራበት ክፍል ግን መድረክ የለም፤ ማን ምን ይሰማ ብሎ የሚመርጥም የለም።

የታሪክ ወዳጅ ጻፈ፦

የሌሊት ተረኛ የጻፈችውን ሳነብ ፌሊሲታስ ትዝ አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ203 በሰሜን አፍሪካዋ ከተማ በካርቴጅ ከሰማዕቷ ከፐርፔቱዋ ጋር ለአውሬ የተሰጠችው ባሪያ ናት። ሲይዟት ስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ነፍሰ ጡርን በሞት መቅጣት በሕጉ ስላልተፈቀደ ከባልንጀሮቿ ተለይታ፣ በኋላ ከወንጀለኞች ጋር ብቻዋን እንዳትሞት ትሰጋ ነበር። አብረዋት የታሰሩት ጸለዩላት፤ ምጥ መጣባት። የስምንት ወር ምጥ ነውና ጭንቁ ጽኑ ነበር፤ ጮኸች። ከወኅኒ ጠባቂዎቹ አንዱ፣ አሁን እንዲህ የምትጮኺ ለአውሬ ስትጣዪማ ምን ልትሆኚ ነው? አላት። እርሷም፣ አሁን የምሠቃየውን የምሠቃየው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ስለ እርሱ እሠቃያለሁና ስለ እኔ የሚሠቃይ ሌላ በውስጤ ይኖራል ብላ መለሰችለት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗንም አንዲት ክርስቲያን ወስዳ አሳደገቻት።

ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ጩኸቱን ሊደብቁት ይችሉ ነበር። ሰማዕት ናትና አልጮኸችም ቢሉ ማን ያስተባብላቸዋል? አልደበቁትም። እንዲያውም ያን ታላቅ ቃሏን ያገኘነው ስለ ጮኸች ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም ልጨምር፤ ለእህታችን ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ይህ ነውና። በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሮም ግዛት ጽኑ ወረርሽኝ ተነሥቶ ዓመታት ቆየ። በካርቴጅ አንዳንድ ክርስቲያኖች በሽታው እኛንም ከአሕዛብ ጋር እኩል ለምን ይገድለናል እያሉ ተረበሹ። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ ነው! ጳጳሳቸው ቆጵርያኖስ አማኝ አይታመምም ብሎ አላጽናናቸውም። በዚህ ዓለም እስካለን ድረስ ከሰው ዘር ሁሉ ጋር አንድ ሥጋ እንካፈላለን፤ ሕመሙንም አብረን እንካፈላለን አላቸው። ደግሞም ወገናችሁን ብቻ አትርዱ፣ ያሳደዷችሁንም አስታምሙ ብሎ አሰማራቸው። በእስክንድርያም ጳጳሱ ዲዮናስዮስ በዘመኑ የሆነውን በደብዳቤ ጽፏል፤ ደብዳቤውን ያቆየልን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ነው። ብዙ ክርስቲያኖች ራሳቸውን ሳይሳሱ በሽተኞችን ሲያስታምሙ በሽታው ተጋብቶባቸው ሞቱ። የሞቱትም ከወንድሞች ምርጦቹ፣ ቀሳውስትና ዲያቆናት ጭምር ነበሩ። ሌሎች የገዛ ዘመዶቻቸውን ነፍሳቸው ሳይወጣ መንገድ ላይ ይጥሉ በነበረበት ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የክርስትና ጠላት የነበረው የሮም ንጉሥ ዩልያኖስ (361–363) በገላትያ ለሾመው የጣዖት ካህን ሲጽፍ፣ እነዚህ የገሊላ ሰዎች (ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሆች ብቻ ሳይሆን የእኛንም ይረዳሉ እያለ ያማርራል። ከወዳጅ ይልቅ ይህ የጠላት ቃል ልቤን ይነካዋል።

ጽኑ ዓለት ጻፈ፦

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ዝምተኛዋ ያነሣችው የማርቆስ ወንጌልም ሲከነክነኝ አደረ።

የማልለቅቀው አንድ ነገር ግን አለ። ፌሊሲታስ ጮኻ ዝም አላለችም፤ ክርስቶስ በውስጤ ይሠቃያል አለች። መዝሙር 88 የጨለማ መዝሙር ነው፤ ነገር ግን «የመድኃኒቴ አምላክ ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ጌታም ሲጮኽ «አምላኬ፣ አምላኬ» አለ። ሁሉም የሚጮኹት ወደ እርሱ ነው። እኔ የምፈራው ወደ እርሱ መጮኹ ቀርቶ ስለ እርሱ ለሰው ማማረር ብቻ ሲሆን ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ያጉረመረሙት በየድንኳናቸው ነው፤ ሙሴ ግን ይህን ሕዝብ ብቻዬን ልሸከመው አልችልም ያለው ለእግዚአብሔር ለራሱ ነው። የሙሴ ንግግር ከእነርሱ የለዘበ አልነበረም። ግደለኝ እስከ ማለት ደርሷል።

ይህ ልዩነት ከተጠበቀ፣ በመከራ ውስጥ ያለ ሰው መድረክ ላይ ሊቆም ይገባል። የማለዳ ጤዛም መናገር ነበረባት።

ስም የለሽ ጻፈ፦

ይቅርታ፣ የተለየ ጥያቄ አለኝ፤ ይህን የምጠይቅበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ስለ ጸኑት ነው የምታወሩት። ያልጸኑትስ? አባቴ በስደት ዘመን በእምነቱ ምክንያት ታስሮ ነበር። ያሠቃዩት እንደነበር ጀርባው ይናገር ነበር። በመጨረሻ እምነቱን የሚክድ ወረቀት ፈርሞ ወጣ። ዘመኑ ተለውጦ በሮቹ ሁሉ ሲከፈቱ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። እሑድ ጠዋት እኛን አልብሶ ይልከንና እርሱ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። እጆቹን አጣምሮ እንዴት ያየን እንደነበር አልረሳውም። አብረውት ታስረው የነበሩት ከጉባኤ ፊት ሲመሰክሩ «አንዳንዶች ካዱ» የምትል ቃል ጣል ያደርጉ ነበር። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እንደ እርሱ ላለ ሰው ምን ቦታ አለ?

መምህረ ሰንበት ጻፉ፦

ልጄ ሆይ፣ አባትህን እግዚአብሔር በምሕረቱ ያስበው። ጥያቄህ ከውይይቱ የወጣ አይደለም፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ በላይ ያስጨነቃት ጥያቄ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ250 የሮም ንጉሥ ዴክዮስ በግዛቱ ያለ ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋና የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከእነዚያ ወረቀቶች ከ40 በላይ የሚሆኑት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል። አንዳንዱ ከፍርሃት የተነሣ ሠዋ፤ አንዳንዱ ተሠቃይቶ ሠዋ፤ አንዳንዱ ገንዘብ ከፍሎ ሳይሠዋ ወረቀቱን ብቻ ገዛ። መከራው ጋብ ሲል እነዚህ ሰዎች እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ መጡ። በሮም ኖቫትያኖስ የሚባል ካህን አይመለሱም ብሎ ተለየ። በካርቴጅ በ251 የተሰበሰቡት ጳጳሳት ግን ከቆጵርያኖስ ጋር ሆነው ንስሐ ገብተው እንዲመለሱ በር ከፈቱ። የሠዋውንና ወረቀት የገዛውን አንድ አድርገው አልፈረዱበትም፤ በመከራ ብዛት የወደቀውንም በፈቃዱ ከሮጠው ጋር አልቆጠሩትም። ቤተ ክርስቲያን የኖቫትያኖስን መንገድ አልተከተለችም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ጴጥሮስ አለ። ማንም ሳይገርፈው፣ በአንዲት ገረድ ጥያቄ ካደ። በትንሣኤ ማለዳ መልአኩ ለሴቶቹ ምን አላቸው? «ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ» ንገሩ አላቸው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሆኖ ሳለ ስሙ ለብቻው ተጠራ። ያን ሌሊት ከወደቀ በኋላ ራሱን ከደቀ መዛሙርት ሊቆጥር አይደፍርም ነበርና።

አባትህ እናንተን አልብሶ ይልክ ነበር አልህ። በእርሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ልጆቹን ወደዚያ ቤት የሚልክ ሰው እምነቱን ጨርሶ የጣለ ሰው አይመስለኝም። የቀረው በፍርሃት ሳይሆን በኀፍረት ነው እላለሁ። «አንዳንዶች ካዱ» ይሉ የነበሩት ወንድሞች በአንደበታቸው በሩን ዘጉበት። በመከራ መጽናታቸውን አከብራለሁ፤ የወደቀ ወንድማቸው እየሰማ ያን መናገራቸው ግን ምስክርነታቸውን ጎድቶታል።

ስም የለሽ ጻፈ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እናቴ በሕይወት አለች። የጻፉትን ማታ አነብብላታለሁ።

መንገደኛ ጻፈ፦

እኔ ደግሞ መሸሽን በተመለከተ ልጠይቅ። በእምነታችን ምክንያት ከነበርንበት ወጥተን በስደት የምንኖር አለን። «ጸንታችሁ ብትቆሙ ኖሮ» የሚሉን አሉ። መሸሽ ምስክርነትን መተው ነው? በደልን በዝምታ መቀበልስ ግዴታችን ነው? መብታችንን ስንጠይቅ «ክርስቲያን ይታገሣል» ይሉናል።

የታሪክ ወዳጅ ጻፈ፦

ወንድሜ መንገደኛ፣ ጌታ ራሱ በአንዲት ከተማ ቢያሳድዷችሁ ወደ ሌላዪቱ ሽሹ ብሏል፤ ማቴዎስ 10፥23። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥር ወርዶ አመለጠ። ቆጵርያኖስ በ250 ተሸሽጎ ከመሸሸጊያው ደብዳቤ እየጻፈ መንጋውን ጠበቀ። ፈሪ ያሉት ነበሩ። መስከረም 14 ቀን 258 እ.ኤ.አ. ግን አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፕም ወዳጆቹ ሲለምኑት ወደ እርሻ ቦታ ተሸሽጎ ነበር። በዚያው ታሪክ ቊንጦስ የሚባል ሰው ማንም ሳይጠራው ራሱን አሳልፎ ሰጠ፤ አውሬዎቹን ሲያይ ግን ደንግጦ ካደ። ጸሐፊዎቹ ራሳቸውን የሚሰጡትን አናመሰግንም ብለው ጽፈዋል።

በሌላ ወገን የመቆየት ጥሪ ያላቸው አሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተዘጋጅቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ዓመታት አልፈው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ባለቤታቸውም ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት አርበኞቹን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ነው። እነዚህ አባቶች መንጋ ነበራቸውና ቆዩ። የመንጋ እረኛ የተጠየቀው ልጆቹን ይዞ ከሚሸሽ አባት ላይጠየቅ ይችላል። አንዱን በሌላው መለካት አይገባም ባይ ነኝ።

ስለ መብት የጠየቅከውን ደግሞ ያው የፊልጵስዩስ ወኅኒ ይመልስልሃል። ሲነጋ ገዢዎቹ ጳውሎስን በስውር ሊለቁት ፈለጉ። እርሱ ግን የሮም ሰዎች ስንሆን ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ደብድበውናል፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ መጥተውም ለመኗቸው። ሌሊት የዘመረውና ጠዋት ፍርድ የጠየቀው አንድ ሰው ነው።

የማለዳ ጤዛ ጻፈች፦

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን አሁንም አለ። ያቺ የሥራ ባልደረባዬን በየቀኑ አያታለሁ። «አምላክሽ የት ነው?» ላለችኝ ምን ልበላት?

ዝምተኛዋ ጻፈች፦

እኔ ብሆን ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት አልሞክርም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አደረጉ። የተበላሸው ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው ምክንያት መደርደር ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው። ኢዮብ እኮ የተወለደበትን ቀን የረገመ ሰው ነው!

የሌሊት ተረኛ ጻፈች፦

የማታውቂውን አላውቅም በያት፤ የምታውቂውንም አትደብቂያት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በእስያ ስለ ደረሰበት መከራ ሲጽፍ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ብሏል። ሐዋርያ ነኝና እንዲህ አይባልም አላለም። ጴጥሮስም በእናንተ ስላለ ተስፋ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ሲል በየዋህነት ይሁን ብሎ ጨምሯል። ደግሞ ካዘነችልሽ ሐዘኗን ተቀበያት። እኛ ምእመናን ከማያምን ሰው ማጽናኛ መቀበል ያሳፍረናል፤ ለምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

የማለዳ ጤዛ ጻፈች፦

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ።

ትናንት ከሥራ ስንወጣ አነጋገርኳት። «ያን ጊዜ ለጠየቅሽኝ መልስ የለኝም። ወንድሜ ለምን እንዲህ እንደሚሠቃይ አላውቅም፣ አንዳንድ ሌሊት እፈራለሁ። ነገር ግን አጠገቡ ተቀምጬ ስጸልይ ብቻዬን አይደለሁም። ላስረዳሽ አልችልም፤ ልክደውም አልችልም» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ትንሽ አብረን ከተራመድን በኋላ «ዛሬ ማታ አንቺ ተኚ፤ እኔ አጠገቡ ላምሽ» አለችኝ። ከዚህ በፊት ቢሆን አይሆንም እል ነበር፤ የሌሊት ተረኛ የጻፈችልኝን አስቤ እሺ አልኩ።

ሌሊት ስመለስ ወንድሜ ነቅቷል፤ መዝሙረ ዳዊት ታነብለት ነበር። ያነበበችለትም እርሱ የጠየቃትን መዝሙር 88ን ነው፤ በዚህ ውይይት ስለ ተነሣው መዝሙር ነግሬው ነበር። ወደ በሩ ስሸኛት «እንዲህ ያለ ጸሎት በመጽሐፋችሁ ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለችኝ። ከዚያ የእናቷን አሟሟት ነገረችኝ፤ ቆመን ብዙ አወራን። አመነች አልላችሁም። ነገ እመጣለሁ ብላለች።

ጽኑ ዓለት ጻፈ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

በእኛ ጉባኤ ለሽማግሌዎች አንድ ሐሳብ ላቀርብ ነው፤ መከራቸው ገና ያላለፈ ሰዎች የሚናገሩበት ጊዜ በምስክርነት መርሐ ግብራችን ውስጥ እንዲካተት። ከመናገር የተከለከልሽ አንቺ ስለሆንሽ ምን ልጨምር? ምንስ ልጠንቀቅ?

የማለዳ ጤዛ ጻፈች፦

ሦስት ነገር ለምንልኝ። ተናጋሪውን ከመድረክ ሲወርድ የሚቀበለው፣ አብሮት የሚቀመጥና በሳምንቱም ደውሎ የሚጠይቀው ሰው አስቀድማችሁ መድቡለት፤ ከተናገረ በኋላ ባዶ ወንበር ላይ ብቻውን እንዳይቀመጥ። በድል ቃል እንዲጨርስ አታስገድዱት። ሲጨርስ ደግሞ መሪው ማይክሮፎኑን ተቀብሎ «እግዚአብሔር ግን በቅርቡ ይፈውሰዋል» እያለ የሰውየውን ቃል አያርም፤ ጸልዮለት ዝም ይበል።

ጽኑ ዓለት ጻፈ፦

ቃል በቃል አቀርበዋለሁ። ሁለተኛውን የሚቃወሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ መዝሙር 88ን ይዤ እገባለሁ። የወንድምሽን ሁኔታ እዚህ አሳውቂን።